በእናቷ በኩል ማን ጠየቀ?

ረሂማ ስትደውል ማሽኑ ወረቀት በልቶብኝ እጄ እስከ ክርኔ በቀለም ጠቁሮ ነበር። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል አጣብቄ «ወይ» አልኳት።

«ሸሪፍዬ፣ አቂቃው ቅዳሜ ነው። ጠዋት ስም ይወጣለታል፣ በጉ ይታረዳል፣ ከዙህር በፊት ይገረዛል። እማን ይዘሻት በጊዜ ውረጂ።»

«ማን ነው የሚገረዘው?»

«አባቱ ነዋ!» ብላ ሳቀች። «አንቺ ደሞ! ልጁ ነው እንጂ ማን ይሆናል?»

«እማ አልነገረችሽም?»

«ምኑን?»

ታላቅ እህቴ ኮምቦልቻ አራስ ቤት ተኝታ እየሳቀች ነው። ልጇ ከተወለደ ገና አምስተኛ ቀኑ ነው። እናቴ ደግሞ እሁድ ዕለት፣ ወንድ መሆኑን በሰማን ሰዓት፣ እጄን ይዛ «እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ ግርዛቱ ይቆይ እላቸዋለሁ» ብላኝ ነበር። ይኸው ሐሙስ ሆነ። አልነገረችም።

«መጣሁ እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የማሽኑን ክዳን በእርግጫ መታሁት። ወረፋ የያዙት ሁለት ተማሪዎች ወደ ኋላ ሸሹ።

የምሠራው ደሴ፣ ፒያሳ፣ አንድ ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነው። አባቴ ሲሞት ከአሥረኛ ክፍል ወጣሁ፤ ከትምህርት ግን አልወጣሁም። የጤና ተማሪዎች ሀንድአውታቸውን እያመጡ አርባ አርባ ኮፒ ያስወጣሉ፣ እኔ አርባ አንደኛውን ለራሴ አወጣለሁ። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አለ። የማይገባኝን አሰምርበታለሁ፣ በማግስቱ ሲመጡ እጠይቃቸዋለሁ። አንዳንዱ ያስረዳኛል። አንዱ ግን «አንቺ ገልብጪ እንጂ መረዳቱን ለእኛ ተይልን» አለኝ። ሰባተኛው ገጽ ላይ ያለው ሥዕል ተገልብጦ እንደታተመና ክፍሉ በሙሉ ሦስት ቀን ተገልብጦ ሲያጠናው እንደከረመ ስነግረው ጆሮው ቀላ።

ያ ሥዕል ነው ነገሩን ያስያዘኝ። የቤተሰብ ሥዕል ነው። ወንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ሴቷ ክብ ናት። ደሙ የማይረጋለት ወንድ ጥቁር ተቀብቷል። በሴቶቹ ክብ ውስጥ ደግሞ እዚህም እዚያም አንዲት ነጥብ አለች። ባለ ነጥቧ ሴት ጤነኛ ትመስላለች፣ ታገባለች፣ ትወልዳለች፤ ከምትወልዳቸው ወንዶች እያንዳንዱ ላይ ግን ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ሴት ልጆቿም እንደዚያው፣ ነጥቧን ወይ ይወስዳሉ ወይ ይተዋሉ። አባት ለወንድ ልጁ አይሰጠውም፤ በሽተኛ አባት የሚሰጠው ለሴት ልጆቹ ነው፣ ያውም አንዷንም ሳይዘል። ከሦስት አንዱ ደግሞ በዘሩ ማንም ሳይኖርበት በድንገት ይመጣል ይላል። ሂሞፊሊያ ነው ስሙ። ገባኝ፣ ለፈተና የሚቀመጥ ሰው ያህል ገባኝ፤ ከዚያ አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። የራሴን ቤት ሥዕል እንደያዝኩ በምን ልወቅ?

ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ኩታበር ለቅሶ ሄደን ነው። የእናቴ አክስት ሞታ። እናቴ ሐዋ ሦስት ወንድሞቿን ልጅ ሳለች ነው የቀበረቻቸው፤ «ኩፍኝ በአንድ ክረምት ጨረሳቸው» ስትለን ነው ያደግነው። ለቅሶው ላይ ታላቅ እህቷ እትዬ ሳፊያ የሞተውን ሁሉ በስሙ እየጠራች ስታለቅስ «እናንተ ደማችሁ የማይቆመው!» ስትል ሰማኋት። ኋላ ከቤቱ ጀርባ ውሃ ስትቀዳ ይዣት ጠየቅኋት።

«የምን ኩፍኝ!» አለች። «አንዱ የተገረዘ ዕለት ነው። አንዱ ጥርሱን ተነቅሎ፣ ሦስት ቀን ደም ሲተፋ። ሦስተኛው ጉልበቱ እያበጠ እያበጠ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሳይሞላው። የእናታችንም ወንድም እንደዚሁ ነው። ለሐዋ እንዳትነግሪብኝ፣ በአላህ!»

ነገርኋት እንጂ። ወደ ደሴ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነገርኋት። ረሂማ ወሯ ገብቷል፣ እናቴ በመስኮት ታያለች። «ሴት ትሆናለች» አለችኝ። ይሄው ነው መልሷ። የልጁን ነፍስ በ«ሴት ትሆናለች» ላይ አስቀምጣ ሻሿን አስተካከለች።

እኔስ ዝም አላልኩም? ዝም ብያለሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔም ሴት ትሁን እያልኩ ዱዓ ሳደርግ ነበር። ይሄን የምጽፈው ራሴን ነጻ ላወጣ ብዬ አይደለም።

ሐሙስ ሱቁን ቆልፌ ሸዋበር ቤታችን ሄድኩ። እናቴ ምስር ትለቅማለች።

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«አሰላሙ አለይኩም ይባላል መጀመሪያ።»

«እማ፣ ቅዳሜ ሊቆርጡት ነው!»

«ስንት ልጅ ይገረዛል። አላህ ያውቃል።»

«አላህማ ያውቃል። የማያውቁት ሃጂ ሙሄዲን ናቸው።»

ሃጂ ሙሄዲን የረሂማ አማት ናቸው፣ የባሏ የሁዘይፋ አባት። የደጋን ሰው፣ ኮምቦልቻ የእህል መጋዘን ያላቸው፣ ረዥም፣ ድምፃቸው ከርቀት የሚሰማ። የእናቴ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«የዛሬ ሁለት ዓመት ረሂማን ሊጠይቁ ሲመጡ እዚችው ቤት ተቀመጡ» አለች። «የአባታችሁን ዘር ሰባት ቤት አስቆጠሩ። ቁምጥና አለ? የለም። እብደት አለ? የለም። ቡዳ አለ? የለም። በቃ፣ ተመሰጋግነው ቀለበት አሰሩ። እኔ እዚያ ጥግ ሻይ እየቀዳሁ ነበር። አንድም ሰው ፊቱን አዙሮ አንቺስ በእናትሽ በኩል አላለኝም። አልጠየቁኝም፣ አልዋሸሁም።»

ጭንቅላቴን የመታኝ ትክክል መሆኗ ነው። ሰባት አባት ይቆጠራል፣ ሰባት እናት የሚቆጥር የለም። በአባት ስም የሄደ ሁሉ ዘር ይባላል፣ በእናት የመጣው ግን እንግዳ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ አይጠየቅም፣ ገብቶ ይተኛል። በረሂማ የእርግዝና ክትትል ላይም ነርሷ «በቤተሰብ ደም የማይቆምለት አለ?» ብላ ስትጠይቅ የመለሰላት ሁዘይፋ ነበር። «ዘራችን ንጹሕ ነው!» እህቴ አጠገቡ ተቀምጣለች። እርጉዟ እሷ ናት፣ ዘር የተባለው የእሱ ነው።

«ታዲያ አሁን እኔ ልጠይቅሽ» አልኳት። «ቅዳሜ ትናገሪያለሽ?»

«አንቺን ማን ያገባሻል ከዚያ በኋላ? ደሴ ትንሽ ናት።»

«የማያገባኝ ይቅርበት! ለማይገባው ሰው ልጅ ልገብርለት ነው እንዴ?»

«አፍሽ!» አለች። «ይሄ አፍሽ አንድ ቀን...» ወደ ምስሯ ተመለሰች።

ቅዳሜ ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወረድን። ጠመዝማዛው ላይ እሷ በእኔ ላይ ትጋደማለች፣ እኔ በእሷ ላይ፤ ከዚያ ሁለታችንም ተጠንቅቀን እንቃናለን። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሙቀቱ ልብሴን አጣበቀው። ግቢው ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፣ በጉ ታርዶ እየተገፈፈ ነው፣ ወንዶቹ በአንድ በኩል ተደርድረዋል። ጥጉ ላይ በነጭ ፎጣ የተሸፈነ ትሪ ተቀምጧል፤ አጠገቡ ጋሽ እንየው። ጋሽ እንየው ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው። ክርስቲያኑም እስላሙም ልጁን የሚያስገርዘው በእሳቸው ነው፣ ሰፈሩ «ዶክተር» ይላቸዋል፣ እሳቸውም «ድሬሰር ነኝ» ማለት ከሰለቻቸው ቆይቷል።

ሃጂ ልጁን ታቅፈው ስሙን በጆሮው ነገሩት፤ ተውፊቅ። ከዚያ ቀና አሉና ጀመሩ። «ተውፊቅ የሁዘይፋ፣ ሁዘይፋ የሙሄዲን፣ ሙሄዲን የሸረፈዲን፣ ሸረፈዲን የበሺር...» ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ጀመዓው «ማሻአላህ!» አለ። ልጁ አስነጠሰ። ጋሽ እንየው ፎጣውን ገልጠው እጃቸውን እየታጠቡ፣ እንደ ልማዳቸው ይመስለኛል፣ «ሃጂ፣ ደም የማይቆምለት ሰው በዘር የለም አይደል?» ብለው ጠየቁ።

«አሁን ሰባት ቤት ቆጠርኩልህ እኮ ዶክተር! የትኛው ነው የደማው?» ወንዶቹ ሳቁ።

እናቴን አየኋት። ከሴቶቹ መሀል ተቀምጣ እግሯን ታያለች። ቆጠርኩ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጋሽ እንየው ጓንታቸውን አነሱ።

«በእናቷ በኩል ማን ጠየቀ?» አልኩ።

ያልኩት ጮክ ብዬ ነው። በጉን የሚገፈው ሰውዬ ሳይቀር ዞረ።

«ምን አልሽ?» አሉ ሃጂ።

«የረሂማ እናት ወንድሞች ደም ፈሷቸው ነው የሞቱት። ይሄ በሽታ በእናት ነው የሚመጣው ሃጂ። የእርስዎ ሰባት አባት እዚህ ውስጥ አይገቡም፣ ሰባ ቢቆጥሩም አይገቡም። ደሙ ሳይመረመር እንዳይነካ።»

ሁዘይፋ ተነሳ። «ሸሪፋ፣ በሰው ፊት አታዋርጂን።»

«ተቀመጥ አንተ። ነርሷ ስትጠይቅ በሚስትህ ፋንታ የመለስክ ጊዜ ነው የተዋረድከው።»

ሃጂ ልጁን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። አልተቆጡም፤ ይባስ ብለው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ አንቺ የምትሠሪው ሆስፒታል ነው ወይስ ፎቶ ኮፒ ቤት?»

«ፎቶ ኮፒ ቤት። ሆስፒታል ያሉት የሚማሩትን የማባዛላቸው እኔ ነኝ።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ሃጂ ፈገግታቸውን ሰብስበው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «ሐዋ፣ ይቺ ልጅሽ የምትለው ሐቅ ነው?»

እናቴ ቀና አለች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ኩፍኝ ነው» አለች። «ሦስቱንም ኩፍኝ ነው። ወላ...»

«እማ!» ሮጬ ፊቷ ቆምኩ። «በአላህ ስም እንዳትምዪ። የፈለግሽውን በይ፣ ግን እንዳትምዪ።»

አፏ ክፍት እንደሆነ ቀረ። በዚህ መሀል የጓዳው በር ተከፈተ። ረሂማ ናት፣ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ፣ ግድግዳ እየደገፈች። ሁሉንም ሰምታለች። ወደ እኔ አላየችም፣ ወደ ባሏም አላየችም።

«እማ» አለች፣ ቀስ ብላ። «ስንት ናቸው?»

እናቴ አፏን ገጠመች። ከዚያ «አራት» አለች።

«ሦስት ነው ያልሽኝ!» አልኩ እኔ።

«ወንድሞቼ ሦስት ናቸው። አራተኛው ልጄ ነው። ሚስባህ። የመጀመሪያ ልጄ። እናንተ አታውቁትም፤ አባታችሁም አያውቀውም ነበር።» ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ የገበያ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። «ኩታበር ሳለሁ የፊተኛው ባሌ ልጅ ነው። በሰባተኛው ቀን ገረዙት። ደሙ ሳይደርቅ እናቱ ናት የገደለችው፣ ዓይኗ ነው ብለው ፈቱኝ። በእግሬ ደሴ ገባሁ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርቼው አላውቅም።»

ሰው እንዲህ ሲሆን ማልቀስ አለበት ይባላል፤ እኔ ተናደድኩ። ወንድም ነበረኝ። በእጇ ላይ ሞቶባታል፣ ምን እንደሚመጣ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች፣ ያን ትሪ ስታይ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ እንዲህ እያወቀች ነው «ኩፍኝ» ብላ ልትምል የነበረው። እነዚያ የፈቷትንም ጠላኋቸው፣ ስማቸውን እንኳ ሳላውቅ። ዓይኗ ነው ብለው ባያባርሯት ዛሬ አትዋሽም ነበር። ሁለቱም ንዴት አንድ ላይ ገብቶብኝ የትኛውን እንደምጮህ ጠፋኝ።

ጋሽ እንየው ጓንታቸውን አውልቀው ፎጣውን በትሪው ላይ መለሱ። «የእኔ እጅ አይነካውም» አሉ። «ሰኞ ደሴ ውሰዱት። ሳይመረመር ማንም ጋ እንዳትወስዱት፤ ከወሰዳችሁት ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ የምከሳችሁ።»

ሃጂ ሙሄዲን ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንግዲያ» አሉ ወደ ወንዶቹ ዞረው፣ «ከእኛ የወጣ አይደለም። ሰምታችኋል።»

«ሃጂ!» አልኩ። «የታቀፉት ልጅ የማን ነው? ዘርዎን አጸዱ፣ ደግ፤ አሁን ልጁን ደግሞ ይዩት!»

ረሂማ ሄዳ ልጇን ከእቅፋቸው ወሰደች። አልከለከሏትም። እንግዳው በላ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ሰው አንገቱን ደፍቶ እየወጣ ወጣ። እናቴን ማንም አላናገራትም።

ሰኞ ጠዋት ሁላችንም ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነበርን። ሃጂም መጡ፣ ማንም ሳይጠራቸው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይርቅም። ወረቀት አውጥታ ክብና አራት ማዕዘን ስትስል ከአፏ ቀድሜ ጨረስኩላት።

«የት ነው የተማርሽው?» አለችኝ።

«ፒያሳ።»

ረሂማን የወር አበባዋን ጠየቀቻት። ዘጠኝ ቀን፣ አንዳንዴ አሥር። ከወሊዱ በኋላስ? ሁለት ጊዜ ፍራሽ ቀየርን። «የእኛ ቤት ሴት ደመ ብዙ ናት ይላሉ» አለች ረሂማ። ሐኪሟ ጻፈች። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ነገር መጠኑ ስንት እንደሆነ የሚለካው አዲስ አበባ ስለሆነ ናሙናው ይላካል፣ የሚረጋበትን ሰዓት ግን እዚሁ እናየዋለን አለችን።

አንዲት ነርስ ከተውፊቅ እጅ ጀርባ ላይ ደም ቀዳች። መርፌዋ ቀጭን ናት፣ ልጁም ብዙ አላለቀሰም። ጥጥ አደረገችና «ተጫኑት፣ እንዳታሹት» አለች። ሁዘይፋ ያዘ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጥጡ ቀላ። ሌላ ጥጥ። የሁዘይፋ ጣት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ደሙ በጎን መጣ፣ ቀይ፣ ቀጭን፣ የማይቸኩል። ከቆዳው ሥር ደግሞ ሰማያዊ ነገር እያበጠ ነው።

«የማይንቀጠቀጥ እጅ ስጡኝ» አለች ነርሷ።

ሃጂ ሙሄዲን ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው መጡ። አውራ ጣታቸውን አዲሱ ጥጥ ላይ አኖሩ። ጣታቸው ከልጁ መዳፍ ይበልጣል።

ሐኪሟ መጥታ አየች። ውጤቱን እንኳ አልጠበቀችም። «አዲስ አበባ እስኪመልስልን እንደ በሽተኛ ነው የምንይዘው» አለች። «ግርዛት የለም። ክትባትም ቢሆን ሳትነግሩን እንዳታስወጉ። ከወደቀ፣ ካበጠ፣ ወዲያው እዚህ።» ረሂማ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጣለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፣ አትጠርገውም።

ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺም መመርመር አለብሽ።»

«አውቃለሁ» አልኩ።

እናቴ ከአግዳሚው ጫፍ ብቻዋን ተቀምጣለች። አጠገቧ ሰፊ ቦታ አለ። አልሄድኩላትም። ሰው ይቅር ማለት ነበረብሽ ይለኝ ይሆናል፤ እኔ ያን ጥጥ እያየሁ ይቅር የምልበት አንጀት አልነበረኝም።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?» አሉ ሃጂ።

«አሥራ ስምንት።»

«ልልቀቅ?»

«እሷ ልቀቁ እስክትል አይለቀቅም።»

«እሺ» አሉ በዝግታ። ያ ሁሉ ድምፃቸው የት እንደገባ አላውቅም። ግንባራቸው ላይ ላብ አለ። ዓይናቸውን ከልጁ እጅ ሳያነሱ፣ «ሐዋ» አሉ።

እናቴ ደነገጠች። «አቤት ሃጂ።»

«ያ ልጅሽ... ሚስባህ። ስንት ሰዓት ፈሰሰው?»

«ከዙህር እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትገባ» አለች እናቴ።

የሃጂ አውራ ጣት ጠበቀ። ተውፊቅ ጮኸ።

«ቀስ ይበሉ አባቴ» አለች ነርሷ፣ «አጥንቱ ገና ነው»፤ ጎንበስ ብላም የጥጡን ዳር ከፍ አድርጋ አየችና ሌላ ጥጥ ከማስቀመጫው አወጣች።